በልጄ ስም የሚገቡት

ሐሙስ፣ ኅዳር 18

መርዶው የደረሰኝ ከእነዋሪ ገበያ ስመለስ ነበር። ዛሬ ሦስት ሳምንት ሆነ። ልጄ ብሩክታይት የሞተችብኝ ወደ ደነባ ስትሄድ መኪና ተገልብጦ ነው።

ዛሬ የሥራ ባልደረባዋ ዮናስ ከደብረ ብርሃን መጣ። የበሽተኞች መዝገብ የሚይዝ የኮምፒውተር ፕሮግራም አብረው ይሠሩ ነበር።

«እማማ፣ አንድ ነገር አጥፍተናል» አለኝ። «አንድ ቀን ሥራ ቢቸኩልብን የይለፍ ቃሏን ተቀበልናት። በዚያው ለመድንና ሁላችንም በእሷ ስም መግባት ሆነ። እሷ ግን ‹ሁሉም በየስሙ ይግባ፤ የሌለ ሰው ስም በዚያው ዕለት ይዘጋ› የሚል ደንብ ጽፋ ግድግዳ ላይ ለጠፈች። ‹ዳኛዋ መጣች› እያልን ሳቅንባት።»

«አሁንስ?»

«አሁንም በስሟ ነን። ዛሬ ጠዋት እንኳ ኮምፒውተሩ ‹ብሩክታይት ገብታለች› ይላል። ልንዘጋው እጃችን እምቢ አለን።»

ገብታለች ሲለኝ ደስ አለኝ፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። እስከ አርባዋ ይቆይ ልለው ነበር። ግን የሰው ሕመም የተጻፈበት መዝገብ ነው። አንዱ ቢያበላሸው ጥፋቱ በልጄ ስም ይጻፋል፤ እሷ ደግሞ መልስ አትሰጥም።

«እንዳለችው አድርጉ፤ ዝጉት» አልኩት።

እዚያው ተቀምጦ ወደ መሥሪያ ቤቱ ደወለ። «ተዘጋ፣ እማማ» ብሎ አቀረቀረ። እኔም አለቀስኩ።

ይህን ደብተር የምታገኙ ሰዎች፣ የክርስትና ስሟ ወለተ ማርያም ነው። በጸሎታችሁ በዚህ ስም ጥሩልኝ።