ያልተነሳው የእማዬ ፎቶ

ለምወድሽ እህቴ ለትርሲት አወቀ፤ ቤይሩት።

እታለም፣ ከራስ ጠጉርሽ እስከ እግር ጥፍርሽ ሰላምታዬ ይድረስሽ። እንደምን ከረምሽ? ደረጃ ስወጣና ስወርድ ያመኛል ያልሽው ጉልበትሽ ተሻለሽ ወይ? እመቤትሽስ ጠባይዋ ረገብ አለልሽ? እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ፈቀደችልሽ? ምግቡስ፣ እንቅልፉስ ተስማማሽ? እኔ አለሁ፤ ብርዱ እንደምታውቂው ነው፣ ክረምቱ ዘንድሮ በረዶ አብዝቷል፣ ገብሱ ግን ጥሩ ይዟል። "ሁላችንም ደህና ነን" የምትለዋን ቃል ግን ዛሬ አልጽፋትም። ሁለት ዓመት ሙሉ ስጽፋት ኖሬ እጄ ለምዷት፣ አሁንም ብዕሩ ወደሷ ሲሄድ ነው የመለስኩት።

የሚቀጥለውን ከማንበብሽ በፊት ጌታነሽን ጥሪያት። እንደ አንቺው እዚያ ሰው ቤት የምትሠራዋን የሞላሌዋን ልጅ ማለቴ ነው። ካልተመቻት እሑድ እስክትገናኙ ደብዳቤውን አጥፈሽ አስቀምጪው። በአገራችን ደንብ መርዶ በወረቀት አይነገርም፤ ብቻውን ላለ ሰውማ ጨርሶ አይነገርም። ደንብ እያፈረስኩ መሆኔን አውቃለሁ። ተቀመጥሽ? እማዬ የለችም። እናታችን አስካለ ማርያም የካቲት 6 ቀን 1995 ዓ.ም. አርፋለች። ዓመት ከመንፈቅ ሆኗታል፤ አርባዋም ሙት ዓመቷም ወጥቷል።

ይሄኔ ፎቶዎቹን ከሻንጣሽ አውጥተሽ እያየሽ ይሆናል። ያኔ ታማለች ሲሉሽ የላክሁልሽን፣ ለፋሲካ የላክሁልሽን፣ ለእንቁጣጣሽ የላክሁልሽን። ሦስቱም ላይ ያለችው እማዬ አይደለችም። የእማዬ ታናሽ እህት፣ አክስታችን አዛለች ናት፤ አንቺ ገና ልጅ ሳለሽ መርሐቤቴ ተድራ የሄደችው። መልኳ ቁርጥ እማዬን ነው፤ የቀረውን እኔ ሞላሁት። እህትሽ ሙያ ተምራለች።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽ። አንቺ ስትሄጂ እኔ መሐል ሜዳ ጋሼ ገብረ አማኑኤል ፎቶ ቤት ወለል ጠራጊ ነበርኩ። ሰውዬው ምላሳቸው እሬት ነው። ስድስት ወር ሙሉ ካሜራ አላስነኩኝም፤ መጀመሪያ ሰው ማየት ልመጂ እያሉ የተነሺውን አገጭ ቀና፣ ትከሻ ዘንበል ሳደርግ ከረምኩ። ካሜራውን ሲሰጡኝ መለማመጃ ያደረጉልኝ የልብስ ሰፊውን ልጅ ጥሩሸዋን ነው። ቆንጆ ናት፤ ግን ካሜራ ሲዞርባት ፊቷ የደረቀ ቂጣ ይሆናል። አሥራ ሁለት ፎቶ አበላሸሁ። ጋሼ አንድ በአንድ አዩና፣ ገድለሽ ነው እንዴ ያነሳሻት፣ ለተዝካሯ ይሆናል አስቀምጪው አሉኝ።

ከዚያ ነው ባዶ መምታትን ያስተማሩኝ። አንድ ፊልም የማይዝ አሮጌ ካሜራ ነበራቸው፤ ቀጭ ማለት ብቻ ይችላል። ሰው የሚፈራው የመጀመሪያዋን ቀጭታ ነው፣ በዚህ ሁለት ሦስት ጊዜ ምቺው፣ አለፈልኝ ብሎ ሲተነፍስ ፊልም ባለበት አንሺው አሉኝ። እንዳሉት አደረግሁ። ጥሩሸዋ ባዶው ሲያልቅ ያለቀ መስሏት ሳቀች፤ ያቺን ሳቅ ያዝኳት። ፎቶው መስኮት ላይ ተሰቀለ። ያንን አይቶ አንድ የዘመሮ ነጋዴ ሽማግሌ ልኮ አገባት። አሁን ፎቶው ላይ ያለችውን እየፈለገ ይመታታል ይባላል። ያኔ ይህን ስሰማ እኔ ያሰብኩት ምን መሰለሽ? ፎቶዬ ያን ያህል ጥሩ ነው ማለት ነው ብዬ ነው የኮራሁት።

ከዚያ ወዲያ እጄ ተፈታ። የመስኮት ብርሃን ሰውን በየትኛው ጉንጩ በኩል እንደሚያስረጅ፣ በየትኛው እንደሚያስወድድ ለየሁ። ታጥቦ የወጣ ፎቶ ላይ በቀጭን እርሳስ የሳሳ ቅንድብ መሙላት፣ የጠፋ ንቅሳት መመለስ ተማርኩ። ጋሼ አያመሰግኑም፤ ዝም ካሉ ግን ወደውታል ማለት ነው። በሦስተኛው ዓመት ዝም ማለት አበዙ።

በ1995 ኅዳር ላይ ደብዳቤሽ መጣ። እማዬ ታማለች የሚል ወሬ ከጌታነሽ ሰማሁ፣ ስልክ እመቤቴ አታስነካኝም፣ በቃል ደግሞ አላምናችሁም፣ ፎቶዋን ላኩልኝ፣ ታማ ከሆነ ኮንትራቱን ጥዬ በሳምንት እመጣለሁ ብለሽ ነበር። ወሬው እውነት ነበር። እማዬ ሆዷ ተነፍቶ፣ ጉንጯ ጎድጉዶ መደብ ላይ ከዋለች ወር አልፏት ነበር። ጸበሉም ሐኪሙም ያለውን አድርጓል። አባባ፣ መጥታ ምን ልታደርግላት፣ ደህና ናት ብለሽ ጻፊላት አሉ። የፎቶው ሐሳብ ግን የእኔ ነው፤ አባባ ያን ያህል አይራቀቁም።

ለምን እንዳደረግሁት ልንገርሽ። ከዚያ በፊት በጻፍሽልኝ ደብዳቤ በመጪው ዓመት ካሜራ ገዝቼ እልክልሻለሁ፣ የራስሽን ፎቶ ቤት ትከፍቻለሽ ብለሽኝ ነበር። ከመጣሽ ካሜራው ይቀራል ብዬ ነው። ሌላ ምክንያት ለማግኘት ብዙ ደክሜያለሁ፤ የለም።

አክስታችን አዛለች እማዬን ልታስታምም ከመርሐቤቴ መጥታ ነበር። የእማዬን ቀሚስና ነጠላ አልብሼ፣ ጋሼ ለሠርግ ዘመሮ በሄዱበት ቀን መሐል ሜዳ ወሰድኳት። ኃጢአት አይሆንም ወይ ብላ ሁለት ጊዜ ጠየቀችኝ፤ ትርሲት በሰው አገር እንዳትደነግጥ ነው አልኳት። መስኮቱ አጠገብ ጎኗን አዙሬ አስቀመጥኳት። ባዶ ብመታ ብመታ ፊቷ አልፈታ አለ። አዛለች መካን መሆኗን ታውቂያለሽ። ትርሲት የአንቺ ልጅ ናት፣ ማህፀንሽን ከፍታ የወጣች፣ ስድስት ዓመት ያላየሻት እንደሆነች አድርገሽ አስቢ አልኳት። እታለም፣ የዚያች ሴት ፊት እንዴት እንደሆነ አንቺው ታውቂዋለሽ፤ እጅሽ ላይ ነው። ከዚያ የተሻለ ፎቶ አንስቼ አላውቅም። አንገቷ ላይ የእማዬን ንቅሳት በእርሳስ ሣልኩና ላክሁልሽ።

እማዬ ይህን ሁሉ አታውቅም። በገና ሰሞን ጠራችኝና፣ ካሜራሽን ይዘሽ ነይና እንዲህ እንዳለሁ አንሺኝ፣ ትርሲት ካላየች አታምንም፣ አይታኝ ትምጣ አለች። እሺ አልኳት። ከጋሼ ፎቶ ቤት ያንን ባዶውን ካሜራ ይዤ መጣሁ። አስደግፉኝ ብላ ግድግዳው ላይ ተደገፈች። የለበሰችውን የበግ ጠጉር ባና ከላይዋ ገፈፈች፤ ነጠላዋን በገዛ እጇ ዝቅ አደረገችና አጥንቴ ይታይ አለችኝ። እንደሷ ያለ ተነሺ አይቼ አላውቅም። ዓይኗን አልሰበረችም፣ ፊቷ አልደረቀም፤ በካሜራው ውስጥ አንቺን ነበር የምታየው። ሦስት ጊዜ ቀጭ አደረግሁባት። ወጣሁ ወይ አለችኝ። ወጣሽ አልኳት። በሰው እጅ ሰድጄዋለሁ፣ ፈጥኖ ይደርሳል አልኳት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ውሻ በጮኸ ቁጥር ትርሲት ናት እያለች ቀና ትል ነበር።

ጥር ሊያልቅ ሲል መልስሽ መጣ። እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ። የንስሐ አባታችን መምሬ ዓምደ ሚካኤል ሊጠይቋት መጥተው ኖሮ፣ ደስ ላሰኛት ብለው ደብዳቤውን ከፍተው አነበቡላት። በሩ ላይ ስደርስ ሰማኋቸው። "እማዬ፣ ፎቶሽ ደረሰኝ፣ እንዴት አምሮብሻል! ሰው በከንቱ ሆዴን አባባኝ። አሁን ልቤ ስላረፈ ኮንትራቱን አድሼዋለሁ" ይላል። ቃሉን አልረሳሽው ይሆናል፤ እኔም አልረሳሁትም። መምሬ ፈገግ ብለው ቀና ሲሉ እማዬ፣ አጥንቴን አይታ አምሮብሻል አለች ወይ ብላ ጠየቀች። ጨዋ ሰው ናቸው፣ ነገሩ አልገባቸውም፤ አዎ ብላለች አሏት። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ዝም አልኩ። አንዲት ቃል ይበቃ ነበር። እማዬ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ከዚያ በኋላ ስምሽን አላነሳችም፤ ውሻም ሲጮህ ቀና አላለችም። በስምንተኛው ቀን ዐረፈች።

የለቅሶዋ ዕለት የሆነውን ደግሞ ስሚ። ከጓሳ ማዶ ከጊሼ ሳይቀር ዘመድ መጣ። አልቃሾቹ ልብሷን ይዘው ሲያበቁ ፎቶዋ የታለ አሉ፤ የፎቶ አንሺ እናት ያለ ፎቶ ትለቀሳለች ወይ እያሉ ዞረው ያዩኝ ጀመር። በቤታችን አንድም የእማዬ ፎቶ የለም። ለአንቺ ከላክሁት የቀረውን ቅጂ ከሣጥን አውጥቼ ሰጠኋቸው። የሩቁ ሰው የት ያውቃል፣ ከፍ አድርጎ ይዞ አለቀሰ። የቅርቡ ሰው አየና ዝም አለ፤ አባባ በጋቢያቸው ተሸፋፈኑ። አዛለች ደረቷን እየደቃች ስትዞር ከገዛ ፎቶዋ ጋር ፊት ለፊት ተገናኘች። እጇ አየር ላይ ቀረ። በቁሜ ተለቀሰልኝ አለች፤ እኔ ብቻ ነኝ የሰማኋት። ከዚያ ወዲህ ምግብ አይረጋላትም።

ጋሼ ገብረ አማኑኤልም ለቅሶ መጥተው ነበር። የእርሳስ ሥራ ከእሳቸው አይደበቅም። ስሸኛቸው ከአጥሩ ውጭ ቆም አሉና የእናትሽስ የራሷ ፎቶ የታለ ብለው ጠየቁኝ። ባዶውን ይዤ መሄዴን ነገርኳቸው። ብዙ ዝም አሉ፤ እኔ ሞኟ እንደ ልማዳቸው መሰለኝ። "ባዶ የምንመታው ለምትቀጥለው ስንል ነው፤ አንቺ ግን የምትቀጥል አላስቀረሽላትም" አሉኝ። ቀጥለው፣ እጅሽ ከእጄ በልጧል፣ ከእንግዲህ የማስተምርሽ የለኝም፣ አትምጪ አሉ። አልሄድኩም። ካሜራሽ በሰኔ ሲደርሰኝ ሞላሌ ላይ የራሴን ቤት ከፈትኩ። ሰው ወረፋ ይይዛል። የሙሽራም የመታወቂያም የእኔ ጥሩ ነው ይላሉ፤ እውነትም ጥሩ ነው።

ለፋሲካ ደግሞ ሌላ ፎቶ ላኩ ስትዪ፣ አባባ በሰው አገር ብቻዋን ሰምታ አንድ ነገር ትሆንብናለች፣ እስክትመጣ ይቆይ አሉ። አዛለች እምቢ ትላለች ብዬ ነበር፤ እሷ ግን ራሷ ቀሚሱን አውጥታ ለበሰች። ለእማዬ የምትጽፊውን ሁሉ ለእሷ ነው የማነብላት። ልጄ ምን አለች ትለኛለች። አንዳንዴ ተናድጄብሽ እንደማውቅ ልደብቅሽ አልችልም፤ ሰው እንዴት እናቱን አይለይም ብዬ ጥፋቱን ላንቺ ላወርሰው ሞክሬያለሁ። አልያዘልኝም። አንቺን ያሳትሁት በደንብ ስለማውቅሽ ነው።

አሁን በመስከረም እመጣለሁ ብለሽ ጽፈሻል። ለእማዬ ሹራብና የዓይን መነጽር ገዝቻለሁም ብለሻል። አባባና ሽማግሌዎቹ መክረው ጨርሰዋል። አጎታችን ቤት አሳርፈው፣ እናትሽ በሐምሌ ድንገት ዐረፈች፣ አልጋ ላይ አንድ ቀን አልዋለችም ሊሉሽ ነው። እኔ ደግሞ አጠገብሽ ተቀምጬ ላለቅስ። እችልበታለሁ፤ ያስፈራኝም እሱ ነው። ያ ውሸት ላንቺ ይሻልሽ ነበር ይሆናል፤ ይህን ሁሉ የምነግርሽ ለአንቺ በጎ አስቤ ነው ብዬ አልዋሽም። እማዬ ግን ልጄ አይታኝ ቀረች ብላ ነው የሞተችው፤ አንቺ ደግሞ ደህና ናት ብለሽ ነው የቀረሽው። ይህን ልነግርሽ የምችል እኔ ብቻ ነኝ። እኔ ዝም ካልኩ አንቺ አንድ ቀን እንኳ እማዬን አላየሽም ማለት ነው። አጥንቷን አልላክሁልሽም፤ እንዴት እንደተቀመጠች፣ ነጠላዋን እንዴት እንዳወረደች ከላይ የጻፍኩት እሱ ነው ፎቶዋ፤ ሌላ የለም።

ስትመጪ ልትረግሚኝ፣ ልትመቺኝ ትችያለሽ፤ አልሸሽም። ካሜራውን ግን መልሺ አትበይኝ። እንጀራዬ ነው፤ ብመልሰውም እማዬን አያነሳም።

አባባ ይህን ደብዳቤ መጻፌን አያውቁም፤ ስለዚህ ሰላምታቸውን የምጽፍልሽ ሁልጊዜ ከሚሉት አውጥቼ ነው፤ እግዚአብሔር ይጠብቅሽ ይላሉ። ወንድምሽ ወንድምአገኝ ከነሚስቱና ከነልጆቹ ሰላም ብሎሻል። መምሬ ዓምደ ሚካኤል በጸሎት እንደሚያስቡሽ ነግረውኛል፤ ለእሳቸውም ነገሩን ሁሉ ተናግሬያለሁ፣ ቀኖና ሰጥተውኛል። ለአክስትሽ ልጽፍልሽ መሆኑን ስነግራት፣ እንግዲያው እናቷ እንዳልሆንኩ ዛሬ ልታውቅ ነው አለች። ምን ብዬ ሰላምታሽን ልጻፍላት ብዬ ጠየቅኳት። አክስትሽ አዛለች፣ መርሐቤቴ የተዳረችው፣ ልጅ የሌላት፣ ሰላም ብላሻለች በያት አለችኝ።

እህትሽ እፀገነት አወቀ
ሞላሌ፣ ነሐሴ 9 ቀን 1996 ዓ.ም.