ስለ ባለቤቴ እጅ

የተከበሩ የጤና ጣቢያችን ኃላፊ ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ሙሉ ጤና እመኝልዎታለሁ። ምኞቴ ከልብ ነው፤ ቢታመሙ ወደ ራስዎ ጣቢያ እንዳይወስዱዎት እሰጋለሁ። እኔ ፊደል ያልቆጠርኩ ሽማግሌ ግንበኛ ነኝ። የምትጽፍልኝ ልጄ ናት፤ «አባባ፣ ይኼ እኮ ስድብ ነው» ስትለኝ «ምስጋና ነው፣ ጻፊ!» እያልኩ ነው የማስጽፋት። ባለቤቴን ከቀበርኩ ዛሬ አሥራ ዘጠነኛ ቀኔ ነውና ምስጋናዬን ሳልረሳው ላቅርብ።

አንደኛ፣ ስለ ምርመራ ክፍልዎ። በሩ አይዘጋም፣ መጋረጃም የለውም፤ ወረፋ ጠባቂው ሁሉ አንገቱን አስግጎ የሰው ሕመም ያዳምጣል። ባለቤቴ የግራ ጡቷ ጫፍ ላይ ቀይ፣ የሚያሳክክ፣ የሚላላጥ ነገር ወጥቶባት ነበር። ያንን በሕዝብ ፊት ገልጣ እንድታሳይ ስለጋበዟት እናመሰግናለን። እሷ ግን እኔ ፊት እንኳ ወደ ግድግዳ ዞራ የምትለብስ ሴት ነበረች። «ጡቴ ላይ» ያለችው በሹክሹክታ ነው፤ ስፋቱን በጣቷ የእጇ ጀርባ ላይ አክብባ አሳየች።

ሁለተኛ፣ መርማሪዎ ስለ ፍጥነቱ ይመስገን። እጇን በጨረፍታ አይቶ፣ ጽፎ፣ ቅባት አዞ «ቀጣይ!» አለ። አጠገቧ ነበርኩ፤ የገባው መስሎኝ ዝም አልኩ። ይህን ዝምታ በእርስዎ ላይ አላስጽፍም፤ የራሴ ነው።

ሰባት ወር ተመላለስን፤ ሰባት ወር ያው ቅባት። ካርዱን ዝናብ እንዳይነካው በላስቲክ ጠቅልዬ በኪሴ እይዝ ነበር። ቁስሉ ሲያዥ «በደንብ አልቀባሽውም!» ብዬ የጮህኩባት እኔ ነኝ። «እሺ፣ አንተ ካልክ» ብላ እንደገና ተቀባች።

ሦስተኛ፣ ቁስሉ አልድን ሲል የወሰድኳት የትልቁ ሆስፒታል ሐኪም ካርዱን አንብባ «እማማ፣ እጅዎን ምን ሆነው ነበር?» ስትል ነው ተጽፎ የኖረው «የእጅ ሽፍታ» መሆኑን የሰማሁት። ያቺ ሐኪም በሩን ዘግታ አየቻት። በአንዱ ጡት ጫፍ ላይ የወጣ ሽፍታ በጥቂት ሳምንት ቅባት ካልጠፋ ትንሽ ተቆርጦ መመርመር እንዳለበት፣ ከሥሩ ካንሰር ሊኖር እንደሚችል፣ በጊዜው ቢደረስበት ብዙ ሴት እንደሚድን ቁጭ ብላ አስረዳችን። ጡቷ ተቆረጠ፤ በሽታው ግን ቀድሞን ነበር። እኔ እርጥበት የወጣበትን ግድግዳ ቧንቧውን ሳላይ ቀለም ብቀባው ኖሮ የቤቱ ጌታ በአካፋ ያባርረኝ ነበር። ለእርስዎ ግን እግዜር ምን ያለ ታጋሽ ደንበኛ ሰጥቶዎታል!

ልመናዬ አንድ ነው፤ መቀርቀሪያ ያለው በር። ይህን የምትጽፈው ልጄም ጡቷን የምታስመረምረው እዚያው ነው። ከከበደዎ ልኩን ወስጄ እኔው በነፃ እገጥመዋለሁ።

ማንበብ የማይችለውን ካርድዎን ሰባት ወር አምኖ የተሸከመ፣ ዛሬም በአውራ ጣቱ የሚፈርም፣
ታዛዥዎ ሽማግሌ

ማስታወሻ፦ ትናንት ከጣቢያዎ ተደውሎ ቀጠሮዋ እንዳለፈ ከተነገረኝ በኋላ «የእማማ እጅ እንዴት ሆነ?» ተብዬ ተጠይቄአለሁ። ስላሰባችሁ እግዜር ይስጥልኝ። እጇ ደህና ነበር። እስከ መጨረሻ ትንፋሿ ይዤው ስለነበር አውቃለሁ።