ከንፍሮው በፊት ስለተባለችው «አሜን»

ለተከበሩ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ደገፋ
ናዝሬት፣ ኅዳር 1977 ዓ.ም.

ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ጉሮሮዎስ? ባለፈው እሑድ በዚያ አቧራ ውስጥ ያን ያህል ከጮኹ ወዲህ እንቅልፍ የነሳኝ የጉሮሮዎ ነገር ነው። እኔ ደኅና ነኝ፤ በቆለፉብኝ የቀበሌ ክፍል ውስጥ አቧራ አይገባም፣ አየርም አይገባም፤ ከሁለቱም ስለጠበቁኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

ነገ ቅዳሜ ነዋሪው በተሰበሰበበት የሚነበብ ግለ ሂስ እንድጽፍ፣ በተለይም መጀመሪያ «አሜን» ያለውን አድኃሪ ስም እንዳወጣ አዝዘዋልና፣ ይኸው ታዛዡ ሽማግሌ ጻፍሁ። ነዋሪውም አውቆ ይፈርድ ዘንድ ነገሩን ከሥሩ ላስታውስ።

የሰንበቴ ማኅበራችን እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ዳቦና ንፍሮ እያቀረበ፣ ድርቁ አፈናቅሎ ባቡር ጣቢያው ጥግ የጣላቸውን ወገኖች ሲያበላ ቆይቷል። ጸሎት ይደረሳል፣ «አሜን» ይባላል፣ ይበላል። እንጨቱን በጋሪው የሚያመጣልን ጂብሪል እንኳ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ መዳፉን ዘርግቶ በራሱ ደንብ «አሚን» ይላል፤ ንፍሮው በዚህ ተቀይሞ አያውቅም። እርስዎ ግን ድህነት በትግል እንጂ በጸሎት እንደማይጠፋ አስተማሩን፤ ከእንግዲህም ከማዕዱ በፊት መፈክር ብቻ እንዲሰማ አዘዙ። እሺ አልን፤ በተራበ ሰው ፊት መከራከር ነውር ነውና።

እሑድ መጡ። ዳቦው ፊት ቆመው፣ ድምፅ ማጉያውን አፍዎ ላይ ደግነው፣ ግራ እጅዎን አንሥተው «ድህነት ይውደም!» አሉ። «ይውደም!» ሊባል ይገባ ነበር። ያ ሁሉ ሕዝብ ግን አንገቱን ዝቅ አድርጎ «አሜን!» አለ። ከተፈናቃዮቹ አንዷ፣ ዓይነ ስውሯ ወይዘሮ ዲንቄማ «ካፍህ ይቀበልህ፣ ልጄ» ብለው መረቁዎት። እርስዎም ድስቱ እንዲከደን፣ እኔም የማኅበሩ ሙሴና መሪ ነኝና እንድታሰር አደረጉ።

እንግዲህ ቅሬታዎቼ፦

አንደኛ፣ መታሰሬን አላማርርም። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ደጄ ላይ ቆሞ የሚጠብቀኝ ሰው አልነበረም፤ እርስዎ ዘበኛውን ጫላን ከነጠመንጃው ሰጡኝ። ምስኪኑ የአራት ልጆች አባት ነው። እኔ ካልወጣሁ እሱም ቤቱ አይገባም፤ ማን ማንን እንዳሰረ እስካሁን አልለየንም።

ሁለተኛ፣ የሰንበቴውን ቤት ከነስንዴው ቆልፈዋል። የእኔና የስንዴው ቁልፍ በአንድ ቀለበት ላይ ናቸው፤ በደጄ ሲያልፉ ከወገብዎ ሲንሿሿ እሰማዋለሁ። እኔን ነቀዝ አይደፍረኝም፤ ስንዴውን ግን ይዞታል። ነቀዙ ከመብላቱ በፊት መፈክር ያሰማ እንደሆነ አልተነገረኝም። ከነገ ወዲያ እሑድ ነው፤ ወይዘሮ ዲንቄና ባልንጀሮቻቸው ሌላ መሄጃ የላቸውምና ይመጣሉ።

ሦስተኛው ቅሬታ ሳይሆን አድናቆት ነው። ስም ካወጣሁ ቤቱ ይከፈታል፣ እኔም እለቀቃለሁ፣ ስሙ የወጣው ሰው በእኔ ቦታ ይገባል ብለዋል። ካላወጣሁ ድስቱ እንደተከደነ ይቀራል። አንዱን ሰው አስበልቶ ሌላውን ማብላት! እኔ በልጅነቴ ለቆቅ እንኳ እንዲህ ያለ ወጥመድ ማጥመድ አልቻልሁበትም ነበር።

ግለ ሂሴም ይህ ነው፦ ዕድሜ ልኬን ስጸልይ ድህነት አልጠፋም፤ እውነትዎን ነው። ብቻ በጸለይንበት እሑድ ሁሉ ንፍሮ ይበላ ነበር፤ መፈክር ባሰማንበት እሑድ ሰዎቹ ጦማቸውን ተመለሱ። ይህን ማስተዋሌ ጥፋት ከሆነ ታርሜያለሁ።

ግድግዳዎ እንዲጸና፣ ቁልፍዎ እንዳይዝግ እየተመኘሁ፣ በታላቅ ትሕትና እጅ እነሣለሁ።

ወልደአማኑኤል ሐዲስ
የስምንት ልጆች አያት፣ የእርስዎ እስረኛ

ሳልረሳው፦ ስሙን ጠይቀውኝ ነበር። ጆሮዬ ከብዷል፤ ከሕዝቡ መካከል ማን እንደቀደመ አልለየሁም። የመጀመሪያዋ «አሜን» ግን ከሕዝቡ አልመጣችም፤ ከመፈክሩ ቀጥላ፣ ከሁሉ ጎልታ፣ በድምፅ ማጉያው ነው የወጣችው፤ ሕዝቡ እሷን ተከተለ። ያላት ሰው አይፈር፤ በዚያው ሰንበቴ ዳቦ ሲቆረስ ከፊት ተቀምጦ «አሜን» እያለ ላደገ ልጅ፣ ዳቦ ሲያይ አፉ ቢቀድመው አይፈረድበትም። ድምፅ ማጉያውን ማን ይዞ እንደነበር ነዋሪው አይቷልና እኔ ስም ማውጣት አያስፈልገኝም። ክፍሉን ጠርጌያለሁ፣ ሰሌኑንም አራግፌያለሁ፤ ጫላም ጨዋ ሰው ነው። ከመግባትዎ በፊት ብቻ፣ ልጄ፣ የቁልፉን ቀለበት ለወይዘሮ ዲንቄ ይስጡልኝ።