ደወሌን የዋጠው ማመልከቻ

ለተከበሩ የሕክምና ቴክኖሎጂ ፈጠራ ፈንድ ዋና ዳይሬክተር፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ ሙሉ ጤና እመኛለሁ። ምኞቴ ለወግ ያህል አይደለም፤ የሆስፒታል መሣሪያ ጠጋኝ ነኝና ታመው ወደ እኛ ቢመጡ የሚተኙበትን አልጋ ከነብሎኑ አውቀዋለሁ።

ማመልከቻዬ ማሸነፉን የሚገልጸው ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ለምስጋና ቃላት አጠሩኝ እንዳልል፣ ቃላት ማብዛትን ያስተማረኝ የእርስዎ መሥሪያ ቤት ነው። ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ታላቅ እህቴ በጨቅላ ሕፃናት ክፍል ነርስ ናት። የኦክስጅን ሲሊንደር ሲያልቅ ድምፅ የለውም፤ እሷ አንዱን ሕፃን ስታገላብጥ የሌላው ሊያልቅ ይችላል። አንድ ጠዋት ዘግይታ ደረሰችበት። ሕፃኑ ተረፈ፤ እሷ ግን ወደ ጥገና ክፍሌ መጥታ፣ ብረት ስትፈታ ከምትውል የሚጮህ ነገር ሥራልኝ አለችኝ። ከአሮጌ የበር ደወልና ከባትሪ ድንጋይ ለአንዱ አልጋ ሠራሁላት። የሲሊንደሩ ግፊት ሲወርድ ይጮኻል፤ ሌላ ሙያ የለውም። ለቀሩትም አልጋዎች ይዳረስ ብዬ ለእርስዎ ማመልከቴ ነው ጉድ ያፈላው።

፪. የመጀመሪያው ማመልከቻዬ አንድ ገጽ ነበር። የተከበሩ ገምጋሚዎችዎ መሣሪያው ከወዲሁ የሚሠራ በመሆኑ የሚመረመር ነገር እንደሌለው በትሕትና አስረዱኝ። እውነታቸውን ነው። የሚሠራ ዕቃ ታቅፎ የፈጠራ ፈንድ ደጅ መጥናት ምን ዓይነት ዓይን አውጣነት ነው?

፫. ሁለተኛው ማመልከቻዬ ራእይ ይጎድለዋል ተባልኩ፤ ራእይ ጨመርኩ። የመረጃ ቋት፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎት፣ በመጨረሻም እጄ ገና ስላልደከመ ሳተላይት አስገባሁ። የቅጹ የሥርዓተ ፆታ ክፍል ባዶ እንዳይቀር፣ ደወሉ ለወንድም ለሴትም እኩል እንደሚጮህ ጻፍኩ፤ በዚህ ሙሉ ነጥብ ስለሰጡኝ ከልብ አመሰግናለሁ። በዚህ መሀል እኔም ከሰው ተራ ወጣሁ። ባለቤቴ ዳቦ ግዛ ብትለኝ፣ የዳቦው ቀጥተኛ ተጠቃሚዎች እነማን እንደሆኑ ጠየቅኋት። አንተ የለህበትም አለችኝ። ባልደረቦቼም ስሜን ትተው «ራእይ» ይሉኛል።

፬. በሦስተኛው አሸነፍኩ። ዳሩ ግን ጽሑፉን አሳምራለሁ ብዬ ስቆርጥ ስቀጥል ደወሉን ራሱን አውጥቼዋለሁ። ገጹ ሞልቶብኝ ነው፤ ደግሞም ከተዘረዘረው ሁሉ የሚሠራው እሱ ብቻ ስለነበር ከሌሎቹ ጋር አልሄድ አለ። አሁን የጸደቀልኝ «ሁለንተናዊ የትንፋሽ መረጃ ማስተሳሰሪያ መድረክ» ነው። ምን እንደሆነ የጻፍኩት እኔም አላውቅም፤ እርስዎ የሚያውቁ ከሆነ በጽሑፍ ቢገልጹልኝ ውለታዎን አልረሳም። በጀቱ ለዐውደ ጥናት፣ ለአማካሪና ለአርማ አለው። ለደወል ግን የለውም፤ ብጠይቅ ከጸደቀው ዕቅድ ውጪ ነው ተባልኩ።

እህቴ ማሸነፌን ስትሰማ አቅፋኝ ነበር። ለቀሩት አልጋዎች ደወሉ መቼ እንደሚመጣ ስትጠይቀኝ፣ በቀጣዩ ምዕራፍ የሚጠና ይሆናል አልኳት። ጓንቷን አድርጋ ወደ ሥራዋ ገባች። እዚህ ላይ አልቀልድም፤ በራሴ አፍሬያለሁ።

ስለዚህ ልመናዬ አጭር ነው። እባክዎ ማሸነፌን ይሰርዙልኝና ይጣሉኝ፤ መጣልን ለምጄዋለሁ። ይህ ለመሥሪያ ቤትዎ ክብር የማይመች ከሆነም፣ ከአርማው ላይ ትንሽ ቀለም ቀንሰው የበር ደወሎች ይግዙልን።

ራእይ ተርፎት ደወል ያጠረው፣ በገምጋሚዎችዎ እጅ ተኮትኩቶ ያማረበት፣ ምንጊዜም ታዛዥዎ፣
የሆስፒታሉ መሣሪያ ጠጋኝ

ይህችን መጨረሻ ላይ ጨመርኳት፦ ድሉን ለማብሰር ጨቅላ ሕፃናት ክፍል መጥተው ንግግር ሲያደርጉ አንድ ነገር ጮኾ አቋርጦዎት፣ ዝም እንዲያሰኙት በእጅዎ አመልክተው ነበር። ያ ደወሌ ነው። ዝም ያለው እህቴ ሲሊንደሩን ስለቀየረች ነው፤ ሕፃኑም ደህና ነው፣ በዕለቱ በተነሡት ፎቶ ላይ ከክርንዎ ኋላ ይታያል። ወደፊት ንግግር ሲያደርጉ ከሌሎቹ አልጋዎች አጠገብ ቢቆሙ ይሻላል፤ እነሱ ጋ ኦክስጅኑ ሲያልቅ ምንም አይሰማም።