የእማማ ፅጌረዳ ጉልበትና የሪዮ ተራሮች

ለተከበሩ ወንድም ስምዖን፣
የቤተ ክርስቲያናችን የጉዞ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣
ስካርቦሮ

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን ጤና፣ የቤተሰብዎን ጤና፣ በተለይም የጉልበትዎን ጤና እጠይቃለሁ፤ በኮሚቴዎ ዘንድ ጉልበት ምን ያህል እንደሚከበር ከማስታወቂያ ሰሌዳው ተረድቻለሁና።

በቶሮንቶ ካለን ሐበሾች መካከል ግልጽ ደብዳቤ አንዴ ቁጭ ብሎ ሳይነሣ የጨረሰ ከእኔ በቀር የለም። እርግጥ ሦስት ማክሰኞ ፈጅቶብኛል፤ ቢሆንም ሦስቱንም ቀን የተቀመጥኩት አንድ ወንበር ላይ ነው። እንደሚያውቁት እህት ኑኃሚን በቤተ ክርስቲያናችን ምድር ቤት ማታ ማታ የምታስተምረውን ፊደል በሃምሳ ሁለት ዓመቴ ጨርሻለሁ፤ ከክፍሉም አንደኛ ወጥቻለሁ፤ ሦስት ነበርን።

ከመማሪያ መጽሐፌ ቀጥሎ ያነበብኩት የመጀመሪያው ረጅም ጽሑፍ እርስዎ ስለ ሪዮ ዴ ጄኔሮ ጉዟችን የለጠፉት ሪፖርት ነው። «በአንዲት እናት የጉልበት ችግር የተነሣ ቡድኑ ዘግይቶ ታላቁን የክርስቶስ ሐውልት ሳያይ ተመልሷል፤ ስለሆነም በሰመር ለሚደረገው የኩቤክ ጉዞ ዕድሜያቸው ከስልሳ አምስት በላይ የሆኑ አይመዘገቡም» ይላል። ጀማሪ ነኝና ተሳስቼ ይሆናል ብዬ በጣቴ እየተከተልኩ ደግሜ ደጋግሜ አነበብኩት። አልተሳሳትኩም። ከአሥራ ስምንታችን መካከል «እናት» የምንላቸው እማማ ፅጌረዳን ብቻ ስለሆነ፣ ስማቸውን ባለመጻፍ ላሳዩት ጥንቃቄ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው። እሳቸው ማንበብ አይችሉም፤ ሰዉ ሰሌዳውን አይቶ ለምን ዞር ብሎ እንደሚያያቸው ግን ጠይቀውኛል።

ስለዚህ ማን እንዳዘገየን በቁጥር አስረዳለሁ።

1ኛ. የስኳር ዳቦ ወደሚባለው ተራራ በገመድ ተንጠልጥሎ የሚያወጣው ኬብል ካር በሩን ከፍቶ ሲጠብቀን፣ እርስዎ ወንድም ይሁዳን «ይቅደሙ» አሉ። እሳቸውም «ኧረ በጌታ፣ ሰብሳቢ እያለ» ብለው ትከሻዎን ያዙ፤ እርስዎ ደግሞ ክንዳቸውን ያዙ፤ ከኋላ ያለነውም እንደ ወጋችን እርስ በርስ መገባበዝ ጀመርን። ኬብል ካሩም ከእኛ ወገን ዝም ብለው የገቡትን እማማ ፅጌረዳን ብቻ ይዞ ሄደ። ሁለተኛውም ጥሎን ሄደ። በሦስተኛው ሠራተኛው የተጣላን መስሎት ሊገላግለን መጣ። ጉልበታቸው ያዘገየን እናት ያን ጊዜ ተራራው ላይ «ልጆቼን ምን አገኛቸው» እያሉ አንድ ሰዓት ሙሉ ነፋስ ላይ ቆመው ይጠብቁን ነበር።

2ኛ. በባለቀለም ሸክላ ያጌጠው የሴላሮን ደረጃ ላይ አንድ የቡድን ፎቶ ለመነሣት ተስማማን። «በእኔም ስልክ» «በእኔም ስልክ» ተባለና በአሥራ ሰባት ስልክ ተነሣን። በአሥራ ሁለተኛው ላይ እርስዎ ዓይንዎን ጨፍነው ስለወጡ፣ በጥያቄዎ መሠረት ሁሉም እንደገና ተነሣ። እማማ ፅጌረዳ ስልክ የላቸውም፤ በዚህም ጊዜያችንን ስለቆጠቡልን ሪፖርቱ ሊያመሰግናቸው ይገባ ነበር።

3ኛ. ወደ ሐውልቱ ለሚወጣው ባቡር የያዝነው የአምስት ሰዓት ቲኬት አለፈንና በዘጠኝ ሰዓቱ ወጣን። እስከ ቀትር የወጡት ሰዎች ሐውልቱን ጥርት አድርገው እንዳዩት አስጎብኚው ነገረን፤ እኛ ያየነው መቆሚያውንና ጉም ነው። እርስዎም ተስፋ ሳይቆርጡ ጉሙ ፊት እጃችንን ዘርግተን ፎቶ እንድንነሣ አዘዙን። እማማ ፅጌረዳ ለዚያች ቀን ሲሉ ስድስት ወር ስካርቦሮ ሞል ውስጥ ዙር እየዞሩ ጉልበታቸውን ያለማመዱ ሰው ናቸው፤ ቢሆንም «የጠፋው ድንጋዩ ነው እንጂ ጌታ የትም አልሄደ» ብለው ያጽናኑት እኛን ነው።

አራተኛ የለኝም።

ደግነትዎን ግን አልሸሽግም። በባቡሩ ስንወርድ የእማማን እጅ ይዘው «ያዘገየንዎ እኛ ነን፤ ይቅር ይበሉን» ማለትዎን እዚህ ላይ አስመዘግባለሁ። እንዲህ ያለ ትሑት ሰው ያንን ሪፖርት በራሱ እጅ ይጽፋል ብዬ ስለማላምን፣ ብዕርዎን የወሰደብዎት ማን እንደሆነ ቢያጣሩ መልካም ነው።

እንግዲህ ወረቀቱ ከሰሌዳው እንዲነሣ፣ የዕድሜው ደንብ እንዲሰረዝ፣ ለኩቤክም የእማማ ፅጌረዳ ስም መጀመሪያ እንዲጻፍ በትሕትና እለምናለሁ። በየበሩም እሳቸው ይቅደሙ፤ ቢያንስ አንድ ሰው እንደሚገባ እርግጠኞች እንሆናለን።

ስልሳ አምስትን በሙሉ ጤና እንዲሻገሩ፣ ያን ጊዜም የሚመዘግብዎ ኮሚቴ እንዲያገኙ ከልቤ እየተመኘሁ፣ ከወንበሬ ተነሥቼ እጅ እነሣለሁ።

የሪፖርትዎ ትጉህ አንባቢ
ክፍሌ፣ ከቶርንክሊፍ ፓርክ
የማታው ክፍል አንደኛ

ከፊርማ በኋላ፣ በእርስዎ ቅጂ ላይ ብቻ፦ ለጻፍኩት ሁሉ አሥራ አምስት ምስክር አለኝ፤ ለአንዱ ነገር ብቻ የለኝም። በባቡሩ ላይ ይቅርታ ጠየቁ ያልኩት የራሴ ፈጠራ ነው፤ እርስዎ መስኮት መስኮቱን ነበር የሚያዩት። ደብዳቤውን ከመለጠፌ በፊት ለእማማ ማንበብ ስለነበረብኝ፣ የሪፖርቱን ቃል ብቻ ሰምተው እንዳያድሩ ብዬ ጨመርኩት። እዚያች ላይ ስደርስ አስቁመውኝ «ድገምልኝ» አሉ፤ ደገምኩላቸው። «እኔ እኮ አልሰማሁትም፤ ባቡሩ ይጮህ ነበር» አሉና እሑድ መጥተው «ይቅር ብዬሃለሁ» እንደሚሉዎት ነገሩኝ። ምን እንደሚመልሱላቸው እስከዚያ ያስቡበት። ይህችን የመጨረሻዋን ክፍል አላነበብኩላቸውም።