«የግል» ተብሎ ለአሥራ ስድስት ቤት የተሸጠ መስመር

ቀን፦ ሰኔ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእልፍኝ ኢንተርኔት አገልግሎት
የሾላ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ
የካ ክፍለ ከተማ፣ አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በውል የግል የሆነው የኢንተርኔት መስመሬ ከጎረቤቶቼ መስመር ከሰኔ 20 በፊት እንዲለይልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣

አመልካች ኢልሃም ከድር እባላለሁ። ሲግናል በሚባለው ሰፈር በሚገኝ የጋራ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ የምኖር የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ነኝ። መስማት የተሳናቸው ሰዎች ሐኪም ዘንድ ሲቀርቡ ከቤቴ ሆኜ በቪዲዮ አስተረጉማለሁ። ይህ አቤቱታ ሦስተኛዬ ነው። የፊተኞቹን ሁለቱን ማንም እንዳላነበባቸው ከመልሳችሁ ተረድቻለሁ።

1. ግንቦት 12 ቀን ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ላይ፣ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት አጠገብ የምትኖር ብርቄ የተባለች ነፍሰ ጡር ደንበኛዬ ክትትል ላይ ነበረች። አዋላጇ የቀድሞውን ኪኒን ትታ አዲሱን እንድትጀምር ነገረቻት። ይህንኑ ሳስተረጉም ምስሌ ደርቆ ቀረ፤ «ተዪው» ያልኩበት እጄ አልታያትም። ምስሉ ሲመለስ ራሷን ነቀነቀች፣ እኔም ገብቷታል ብዬ አለፍኩ። እዚህ ላይ የእኔም ጥፋት አለበት፣ አልክድም። ሁለቱንም ስትውጥ ሰንብታ በስድስተኛው ቀን ራሷን ስታ ወደቀች። ፅንሱ የተረፈው በፈጣሪ ቸርነት እንጂ በእናንተ አይደለም።

2. ግንቦት 25 ቀን የላካችሁት ቴክኒሺያን ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ፣ ጎረቤት ሁሉ ሥራና ትምህርት ቤት በሄደበት ሰዓት መጣ። ምድር ቤት ካለው የመስመር ማከፋፈያ ሳጥን ላይ ሰክቶ ለካና በውሌ የተጻፈውን አሥር ሜጋ አገኘ። ደረጃውን መውጣት ስላልፈለገ ቤቴን አላየም። «እህቴ፣ ኮምፒውተርሽ አርጅቷል» ብሎኝ ሄደ። ኮምፒውተሬ የተገዛው ባለፈው ጥር ነው።

ከሁለት ቀን በኋላ ፍጥነቱ ትክክል መሆኑን ገልጻችሁ፣ ለጥሪዎቼ የካፌ ዋይፋይ እንድጠቀም በደብዳቤ መከራችሁኝ። በሰው ቁስል እንጨት መስደድ ይሏል ይህ ነው። እኔ የማስተረጉመው የሴት ምርመራ ነው፤ ማኪያቶ በሚጠጣ ሰው ፊት ልክፈተው? ደግሞስ የካፌ መስመር የጋራ መሆኑ የታወቀ ነው፤ ሰው ሲበዛበት ቢደክም ማንም አይከሰስም። የእኔ ውል ግን «የግል» ይላል።

3. ስለዚህ ራሴ ለካሁ። ሰኔ 1 ቀን እሑድ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ የአሥራ አምስቱን ጎረቤቶቼን በር አንኳኳሁ። ሁሉም የእናንተ ደንበኞች ናቸው፣ የሁሉም ውል «የግል» ይላል። ሁሉም ከፍተው ሳለ አንድ ሜጋ አልሞላም። ሁሉም ሲያጠፉ ዘጠኝ ተኩል ገባ፤ ጎረቤቴ አቶ ገረሱ እንኳ የሚያዩትን ኳስ አቋርጠው አጥፍተውልኛል። አንድ በአንድ ሲከፍቱ ፍጥነቱ እየወረደ ሄደ። የሕንፃችን ውኃም እንዲሁ ነው፤ ታች ሲከፈት ላይ ይንጠባጠባል። አንዱን መስመር አሥራ ስድስት ጊዜ ሸጣችሁታል።

4. ይህን ሁሉ የምጽፈው ፊልም ማየት አማረኝ ብዬ አይደለም። እናቴ መስማት የተሳናት ነበረች። ታናሽ ወንድሜን ስታምጥ አዋላጆቹ «ግፊ» ሲሏት አልሰማችም፤ እልኸኛ ናት ብለው ጭኗን በጥፊ መቷት። ልጁ ሳይተነፍስ ተወለደ። እኔ የስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ፣ በሩ ላይ ቆሜ ነበር፣ ምልክቱንም አውቀው ነበር። ማንም አላስገባኝም። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

የብርቄ መውለጃ ቀን ሰኔ 20 ነው፤ ምጥ ደግሞ ጎረቤት ኢንተርኔት እስኪያጠፋም ሆነ እኔ እንጦጦ እስክወጣ አይጠብቅም። ከዚያ ቀን በፊት እስከ ቤቴ ድረስ ለብቻው የሆነ መስመር እንዲዘረጋልኝ፣ ፍጥነቱም ቤቴ ውስጥ፣ በምሽት፣ እኔ ባለሁበት እንዲለካ በጥብቅ እጠይቃለሁ።

ይህ የማይቻል ከሆነ ክቡርነትዎ በዕለቱ እንጦጦ ወጥተው ከአልጋዋ አጠገብ ይቁሙልኝ። «ግፊ» የሚለውን ምልክት አስቀድሜ ቢሮዎ መጥቼ አስተምርዎታለሁ።

ለመሥሪያ ቤትዎ ከሚገባው ሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
ኢልሃም ከድር

አባሪ፦ የሰኔ 1 ቀን የፍጥነት ልኬት፣ ከአሥራ ስድስት አባወራና እማወራ ፊርማ ጋር