ነሐሴን ያልጠበቀች መኪና

ሰኞ፣ ሚያዝያ 20

አባባ መኪና ሊገዛ ነው። የጭነት አይደለም፣ ተራ የቤት መኪናም አይደለም። ስፖርት መኪና። ቀይ፣ ሁለት በር ያላት፣ ሆዷ መሬት ሊነካ ምንም ያልቀረው።

ከትምህርት ቤት ስመለስ ነው የነገረኝ። የማርመውን የዘጠነኛ ክፍል የጂኦግራፊ ፈተና ተሸክሜ፣ እግሬ በጭቃ ተለውሶ፣ ገና ጫማዬን ሳላወልቅ። «አስቴር፣ የሰይድን ልጅ መኪና ልገዛት ነው» አለኝ፣ ሽንኩርት አለቀ እንደሚል ሰው። የቀለደ መስሎኝ ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም።

መኪናዋን ጂንካ ውስጥ የማያውቃት የለም። ጋሽ ሰይድ የጨርቃ ጨርቅ ጅምላ ነጋዴ ናቸው። ልጃቸው ጥር ላይ ለሰርጉ ብሎ ከአዲስ አበባ አዲስ እንደሆነች አመጣት። ከሰርጉ በኋላ ሚስቱን ይዞ በአውሮፕላን ተመለሰ፣ እሷ ግቢያቸው ውስጥ ሸራ ለብሳ ቀረች።

አባባ ጡረታ የወጣ ሾፌር ነው። ዕድሜውን ሙሉ የመንግሥት ላንድክሩዘር ነው የነዳው። ሐኪም፣ የእርሻ ባለሙያ፣ የክትባት ሳጥን፣ አንዳንዴም ሬሳ ጭኖ ወደ ሃና፣ ወደ ወይጦ ቆላ ሲመላለስ ኖረ። የራሱ ብስክሌት እንኳ ኖሮት አያውቅም። እናቴ ካረፈች ወዲህ ቤት ውስጥ እኔና እሱ ብቻ ነን። ገንዘቡ የራሱ ነው፣ ታች ሰፈር የነበረውን ቤት የሸጠበት። በዚያ በኩል የምለው የለኝም።

ሌላ ነገር ግን አለ። ባለፈው ወር አርባ ምንጭ ዓይኑን ታይቶ ነበር። ግላኮማ ነው አሉት፣ የዓይን ግፊት። ጠብታ ሰጡት። «የሚያዘገይ መድኃኒት ነው» ብሎኛል። ከዚያ በላይ አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም።

ደክሞኛል። አንድም ወረቀት አላረምኩም።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 21

ተስፋዬ ደወለ። ታናሽ ወንድሜ ነው፣ ሐዋሳ ባንክ ይሠራል። አባባ ለእሱም ነግሮት ኖሯል። መግዛቱን ይቃወማል ብዬ ነበር። የተቃወመው ጊዜውን ነው።

«አሁን መኪና ይገዛል? ከፋሲካ ማግስት? ሰርግ በሰርግ በሆነበት? እንዲህ ያለች መኪና አሁን ለሙሽራ የምትፈለግበት ወቅት ነው። ነሐሴን ይጠብቅ። ጾም ነው፣ ሰርግ የለም፣ መንገዱ ጭቃ ነው፣ ሰው ሁሉ የሚያስበው ለልጅ ደብተርና ለዓመት በዓል ነው። ያኔ ሻጩ ራሱ ደጃችን ድረስ መጥቶ ይለምናል።»

መምህራን ክፍል ውስጥ ሳነሳው የፊዚክሱ መምህርም ያንኑ አለ። ለመሸጥ ጥርና ሚያዝያ፣ ለመግዛት ነሐሴ። ሁሉም ተስማማ። መኪና ያለው ግን አንድም አልነበረም።

ማታ እራት ላይ ለአባባ ነገርኩት። «ነሐሴ ጥሩ ነው» አለ። ተገላገልኩ ስል፣ «ነገ ከሥራ ስትወጪ ከእኔ ጋር ሰይድ ቤት ትሄጃለሽ?» አለኝ።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 22

ሄድን። ጋሽ ሰይድ ሸራውን ራሳቸው ገፈፉት። ለካ እንዲህ ታምራለች። እኔ እንኳ፣ መኪና ሁሉ አንድ የሚመስለኝ፣ ትንሽ ቆሜ አየኋት።

እኚህ ሰውዬ ነጋዴ ሆነው እንዲህ ይላሉ ብዬ አልጠበቅሁም። «ወልዴ፣ ወላሂ አልዋሽህም። ከአርባ ምንጭ ለሰርግ የሚፈልጓት ሰዎች በየቀኑ ይደውሉልኛል። አሁን ብትገዛ ትጎዳለህ። ነሐሴ ና። ለአንተ እቀንሳለሁ፣ አስቀምጥልሃለሁም።»

አባባ ኮፈኑን በመዳፉ እየዳሰሰ ዞራት። በግራ በኩል ሲመጣ አንድ የእንጨት አግዳሚ ነበር፣ ረጅም፣ ማንም የሚያየው። ሄዶ በጉልበቱ ገጨው። ሊወድቅ ሲል መኪናዋን ተደገፈ። ቀና ሲል ደግሞ ክፍት የነበረው የግቢ በር ግንባሩን መታው።

ጋሽ ሰይድ እኔን አዩኝ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። «ይሄ አግዳሚ ቦታው እዚህ አልነበረም» አሉ፣ አግዳሚው ላይ የበቀለውን ሻጋታ ሁላችንም እያየነው።

ወደ ቤት ስንመለስ ክንዱን ያዝኩት። አልከለከለኝም። ከሁሉ ያስፈራኝ ይሄ ነው።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 23

የላብ አደሮች ቀን ነው፣ ትምህርት የለም። ከጠዋት ጀምሮ ዝናብ። ተጣላን። ማለት፣ እኔ ተጣላሁ።

«ጎንህን አታይም። ምን ያህል ነው የቀረህ?» አልኩት።

ጠብታውን አድርጎ ጨረሰ። ከዚያ ነገረኝ። የጠፋው አይመለስም ብለውታል። የቀረውም ከዳር ወደ መሃል እየጠበበ ነው። «በቱቦ እንደማየት ነው። ፊትሽን አየዋለሁ፣ ጆሮሽን ግን አላየውም።» ነሐሴ ላይ ምን እንደሚተርፈው ሐኪሙም አያውቅም።

«ታዲያ እንዴት ልትነዳ ነው?»

«ማን እነዳለሁ አለ? አንቺ ነሽ የምትነጂው።»

መንጃ ፈቃድ አለኝ። እሱ ነው ወትውቶ እንዳወጣ ያደረገኝ። ካወጣሁ ወዲህ መሪ ነክቼ አላውቅም። ይህን ልነግረው አፌን ስከፍት እሱ ቀጠለ። እንደዚያ ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም።

«ስንት ዘመን ወይጦ ወርጃለሁ። ቁልቁለቱን ግን አላየሁትም። ጉድጓዱን ነው ያየሁት፣ ድንጋዩን፣ ከፊቴ የሚገባውን ከብት። ከጎኔ የሚቀመጡት ባለሙያዎች ‹ወልዴ፣ እስኪ ያንን ተመልከት› ይሉኛል። እሺ እላለሁ፣ አልዞርም። ብዞር ገደል ነው። አስፋልቱ ሲመጣ እኔ ጡረታ ወጣሁ። አሁን ከጎን ተቀምጬ ልየው።»

«በሚኒባስ እንሂዳ» አልኩት።

«በሰው መኪና ዕድሜዬን ጨርሻለሁ።»

ለምን ይህችኛዋ እንደሆነችም ነገረኝ። ወጣት ሳለ፣ ድልድዩ ሳይሠራ፣ አንድ ፈረንጅ እንደዚህ ያለች ዝቅ ያለች መኪና ይዞ ወይጦ ወንዝ ውስጥ ይቀረቀራል። አባባ ጎትቶ አወጣው። ሰውዬው በምስጋና ሜዳው ላይ ትንሽ እንዲነዳት ፈቀደለት። «መሬቱ ከስሬ ሲሮጥ ይሰማኝ ነበር» አለኝ። እናቴም ታውቅ ነበር ወይ ስለው፣ «ሳቀችብኝ» አለ።

ከሰዓት በኋላ ወረቀት ለማረም ተቀመጥኩ። አንድ መልስ ደጋግሜ አነበብኩ፣ ምን እንደሚል አላውቅም።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 24

ለተስፋዬ ደወልኩ። ስለ ነሐሴ እንደገና ሲጀምር፣ «ነሐሴ ላይ አያያትም» አልኩት።

 «ለምን አልነገራችሁኝም?» አለ። እኔም ትናንት ነው የሰማሁት አልኩት። እንደሚያለቅስ ገባኝ፣ የገባኝ እንዳይመስለው ስለ አየሩ አወራሁለት።

ከዚያ ድምፁን አጽድቶ፣ «ጎማዋን በደንብ እዩት። ስትቆም ጎማ ይደርቃል» አለ።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 25

ገዛት። ከተማው ለገበያ የመጣ ሰው ሞልቶት ነበር፣ በእግር እንኳ ማለፊያ የለም። የጋሽ ሰይድ ሠራተኛ ነው እስከ ግቢያችን የነዳልን። ጋሽ ሰይድ ለአባባ ሲሉ የነሐሴውን ዋጋ ነው የተቀበሉት። አባባ አይሆንም አለ። ጭቅጭቁ ከግዢው ረዘመ። በመጨረሻ ጋሽ ሰይድ ተቆጡ። «እኔ ምን ልሁን ነው የምትለው? በአንተ ዓይን መድከም ላትርፍ?»

አባባ እጃቸውን ያዘ።

ከቤንዚን ሰልፉ የተረፍነው የጎረቤታችን ልጅ በባጃጁ ተሰልፎልን ነው። አሁን ግቢያችን ውስጥ ማንጎው ሥር ናት። እኔ ደግሞ ፍርሃት ይዞኛል።

እሁድ፣ ሚያዝያ 26

ከቤተ ክርስቲያን መልስ አሮጌው አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ተለማመድኩ። ኳስ የሚጫወቱት ልጆች ጨዋታቸውን ትተው እኔን ይመለከቱ ጀመር።

ሞተር ጠፋብኝ። ደግሞ ጠፋብኝ። «ፍሪሲዮኑን ቀስ ብለሽ ልቀቂ፣ የተኛ ሰው እጅ እንደምትለቂ» አለኝ። ደግሞ ጠፋብኝ። አልተቆጣም፣ አንድ ጊዜም። ተስፋዬንና እኔን ሒሳብ ሲያስጠናን የነበረው አባባ ይህ አይደለም።

አመሻሹ ላይ ሜዳውን ሦስተኛ ማርሽ አስገብቼ ዞርኩት። ትከሻዬ ድንጋይ ሆኗል።

ሰኞ፣ ሚያዝያ 27

የድል በዓል፣ ትምህርት የለም። ወይጦ ወረድን።

የአልዱባን መንደር እስክናልፍ መሪውን አንቄ ይዤ ነበር። ቀይ አፈር ከተማ ላይ የፍጥነት መቀነሻውን ሳላየው ገባሁበት፣ ሆዷ ተፋቀ። ድምፁ ጥርሴ ውስጥ ተሰማኝ። አቁሜ ላለቅስ ደረስኩ። እሱ ጎንበስ ብሎ በእጁ ዳስሶ፣ «ጭረት ነው። እኔ የመንግሥት መኪና ገልብጬ አውቃለሁ። ንጂ» አለኝ።

ቁልቁለቱ ሲጀምር መስኮቱን ዝቅ አደረገ። ለማየት አንገቱን ሙሉ በሙሉ ማዞር አለበት፣ አንዴ ወደ መስኮቱ፣ አንዴ ወደ እኔ በኩል። የግራር ሜዳው ከታች ተዘርግቶ፣ ከኋላው ተራራው። «ያ ተራራ ሁልጊዜ እዚያ ነበር?» አለኝ። ነበር አልኩት። «ይገርማል» አለ።

እኔ አላየሁም። መንገዱን ነበር የማየው።

ወይጦ ሙቀቱ እንደ እቶን። ጥላ ይዘን ለስላሳ ስንጠጣ አንድ ሽማግሌ፣ የዚያው ቆላ የፀማይ ብሔረሰብ ሰው፣ በርጩማውን ይዞ በጎን መጣ። አባባ ፊቱ እስኪቆም ድረስ አላየውም።

«አንተ ወልዴ ሾፌር ነህ?»

«ነኝ።»

ሰውዬው መኪናዋን ከፊት እስከ ኋላ አያት። «ድሮ መኪናህ ትልቅ ነው። አሁን መኪናህ ትንሽ ነው። ምን በላው?»

አባባ እስኪያስለው ሳቀ። ድሮ የሰውዬውን ሚስት በምጥ ጊዜ ጂንካ አድርሷት ኖሯል። ልጁ አሁን ወይጦ አስተማሪ ነው። ሁለቱ ተቃቅፈው ቆሙ፣ እኔ ጥላው ሥር እንቅልፍ እየጣለኝ።

ስንመለስ ዳገቱ ላይ አቁሚ አለኝ። ወርዶ ፊቱን ወደ ሜዳው አድርጎ ቆመ። ምን ያህሉን እንዳየ አላውቅም። መጠየቅም አልቻልኩም። ቆይቶ «ይበቃል፣ እንሂድ» አለ።

ተስፋዬ ደውሎ እንዴት እንደነበር ጠየቀው። «አንተ ነሐሴ ላይ የራስህን ትገዛለህ» አለው አባባ።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 28

ጠዋት በእግሬ ልወጣ ስል በሩ ላይ ቆሞ ቁልፉን ዘረጋልኝ። ብቻዬን? አዎ፣ ብቻሽን።

ትምህርት ቤት ደረስኩ። ባጃጆቹ መሃል ሁለት ጊዜ ሞተር ጠፋብኝ። ያቆምኳት ጠማማ ነው፣ የርዕሰ መምህሩ ቦታ ላይ። የፊዚክሱ መምህር ዞሯት ዞሯት፣ «ነሐሴ ብትጠብቁ ኖሮ» አለኝ። እሺ አልኩት።

ስመለስ አባባ ደጅ ቆሞ ነበር፣ ፊቱን ወደ ማዶ አድርጎ። መታጠፊያው ላይ ስደርስ ወደ እኔ ዞረ፣ ገና ሳያየኝ፣ በመኪናዋ ድምፅ ብቻ። ማንጎው ሥር አቁሜ በሩን ስከፍት፣ «ሁለተኛ ማርሽን ዘግይተሽ ነው ያስገባሽው» አለኝ።

ከየት ጀምሮ እየሰማኝ እንደነበር እንጃ። ወረቀቶቹ አሁንም ጠረጴዛው ላይ ናቸው። ወገቤ ተቆርጧል። ነገ አርማለሁ።